ኤች ኢንዴክሴ 5 ነው፤ “ስም እንዋዋስ” ለሚሉኝ ምን ልበላቸው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቷል። ብዙ ጊዜ የትዳርና የቤተሰብ ጉዳይ ስለሚበዛበት የእኔ ነገር እዚህ የሚገባ አይመስለኝም ነበር። ግን ሌላ ለማን እንደምናገረው ጨነቀኝ።

ዕድሜዬ 36 ነው። ሐኪም ነኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኜ አስተምራለሁ፣ ሆስፒታሉም ውስጥ እሠራለሁ። ምርምሬ በአብዛኛው ዝሆኔ ላይ ነው፤ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ የሚውሉ ገበሬዎችን የሚይዘው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ማለቴ ነው። እስካሁን 11 ፔፐር አሳትሜያለሁ። የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጎግል ስኮላር ላይ 96 ሳይቴሽን አለኝ፣ ማለትም ሌሎች ጽሑፎች ሥራዎቼን 96 ጊዜ ጠቅሰዋል፤ ኤች ኢንዴክሴ (የጽሑፎቼን ብዛትና የተጠቀሱበትን ጊዜ አንድ ላይ የሚመዝነው ቁጥር) 5 ነው። በብዛት የተጠቀሰልኝ 41 ጊዜ ነው፤ ሦስቱን ግን እስካሁን ማንም አልጠቀሳቸውም። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን የዞኑ ጤና መምሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ሲያሰለጥን ተጠቅሞበታል።

አብሮኝ የተማረ፣ አሁንም አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ከ4,000 በላይ ሳይቴሽን አለው። አብዛኛው የመጣው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሚሳተፉባቸው ዓለም አቀፍ ጥናቶች ነው። ሰሞኑን ዩኒቨርሲቲያችን ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ አወደሰው። እኔም “እንኳን ደስ ያለህ” ብዬ ጻፍኩ። ማታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ዱቲው አድክሞኝ ነው አልኩት።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ክፍላችን ስድስት ልጆች አንድ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገቡኝ። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዱ ሲያሳትም የሌሎቹን ስም ያስገባል፣ የሌሎቹንም ሥራ ይጠቅሳል። “ሁሉም እያደረገው ነው፣ አንቺ ብቻ ምን ሆነሻል?” አሉኝ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁም። የድሮ አማካሪዬ ደግሞ በጻፍኩት ሁሉ ላይ ስማቸው እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ ያሁኑን ድራፍት አላዩትም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ውለታቸውም ስላለብኝ አልናገርም።

ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት በቅርቡ አመለክታለሁ። የአንድ የውጭ አገር ፌሎሺፕ ፎርም ጀምሬ “ኤች ኢንዴክስ” የሚለው ሳጥን ጋ ስደርስ ላፕቶፑን ዘጋሁት። የሦስት ዓመት የሕመምተኞች ክትትል ዳታ ሰብስቤ ሳልጽፈው ተቀምጧል። አንድ ኤንጂኦ ደግሞ አሁን ከማገኘው በጣም የሚሻል ደሞዝ አቅርቦልኛል። ግሩፑ ውስጥ ልግባ? ወይስ ምርምሩን እርግፍ አድርጌ ትቼ ልሂድ?

(አንድ ነገር ልጨምር፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ፔፐሮቼ በእኔና በአባቴ ስም ነው የወጡት። በኋላ ሦስት ስም ስለተጠየቅኩ አያቴን ጨመርኩ። የአባቴም ስም አጻጻፍ አንድ ዓይነት አይደለም።)

ግራ የገባኝ ሐኪም ነኝ

ምላሽ

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት የዚያን ማታውን ልቅሶ ላንሳ። ጓደኛሽን “እንኳን ደስ ያለህ” ያልሽው ከአንገት በላይ አይመስለኝም። ደስ ብሎሽለታል፣ ሆድም ብሶሻል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ገጠር ለገጠር ዞረሽ፣ ያበጠ እግር አጥበሽና ለክተሽ የጻፍሽው ሥራ አንድም ሰው ሳያነሳው ሲቀር፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ሌላ ሰው በአደባባይ ሲወደስ ማየት ያማል። ይህን ለባለቤትሽ ብትነግሪው ደስ ይለኛል። ሳይንሱን ባያውቀው ግድ የለም። አብሮሽ የሚኖር ሰው ያስለቀሰሽን ነገር “ዱቲ ነው” ብሎ ሲያስብ ሁለታችሁም ብቻችሁን ናችሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ኤች ኢንዴክስን እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚያስተምር ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው። ያንቺ 5 ማለት ቢያንስ አምስት አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ሥራዎች አሉሽ ማለት ነው፤ ከዚህ ያለፈ ነገር አይናገርም። 41 ጊዜ የተጠቀሰው ሥራሽ ነገ 400 ቢደርስ ኤች ኢንዴክስሽ ያው 5 ነው። ስድስት ሥራዎችሽ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ስድስት ጊዜ ከተጠቀሱ ግን 6 ይሆናል። በእንዲህ ያለ ነገር ነው እንግዲህ ላፕቶፕ ዘግተሽ የተነሳሽው። ሂርሽ ራሱ ከመጀመሪያውም የተለያየ ሙያ ሰዎችን በዚህ ቁጥር ማወዳደር እንደማይገባ ጽፏል፤ ከዓመታት በኋላም ፈጠራው ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል በግልጽ ተናግሯል።

የጓደኛሽን 4,000 በተመለከተ ያልሽው ልክ ከሆነ ምንጩ ግልጽ ነው። ለምሳሌ “ግሎባል በርደን ኦፍ ዲዚዝ” የሚባለውን ጥናት ታውቂዋለሽ፤ ሲያትል የሚገኝ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተቋም ያስተባብረዋል፣ ውጤቱ ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ይወጣል፣ አንዱ ፔፐር ላይ በመቶዎች አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስም ይሰፍራል። ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ሰው ይሳተፍበታል። የዓለም ጤና ላይ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሞትና የሕመም ቁጥር ሲያስፈልገው እሱን ስለሚጠቅስ ሳይቴሽኑ በሺህ ይቆጠራል፤ ጎግል ስኮላር ደግሞ ያን ሁሉ ለእያንዳንዱ ስም ሳይከፋፍል ሙሉውን ይሰጠዋል። ደቦ ላይ የዋለ ሰው እርሻውን ሁሉ እኔ አረስኩት አይልም፣ አልመጣህም ግን አይባልም። ጓደኛሽ ዳታ ሰጥቶ፣ ድራፍት አንብቦ፣ አስተያየት ጽፎ ከሆነ ስሙ የገባው በአግባቡ ነው። ጥፋቱ የእሱ ቁጥርና ያንቺ ቁጥር አንድ ነገር እንደሚለኩ አድርጎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ላይ ነው።

የተመራማሪዎችን ደረጃ የሚያወጡትም ሰዎች ይህን ያውቁታል። የስታንፎርዱ ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቹ በየዓመቱ የሚያወጡት፣ ሰዉ “ከፍተኛዎቹ 2 በመቶ” እያለ የሚያወራለት ዝርዝር አለ። እዚያ ላይ አንድ ሰው ራሱን የጠቀሰበት ተቀንሶ የሚታይበት መንገድ አለ፤ የስንት ሰው የጋራ ሥራ እንደሆነም፣ ብቻውን ወይም የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ጸሐፊ ሆኖ የሠራውም ለብቻው ይታሰባል። ለምን? ጥሬው ቁጥር እንደሚያሳስት ስለገባቸው ነው። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ከ11ዱ ስንቱ ላይ የመጀመሪያ ጸሐፊ ነሽ? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። እኔ ግን ብዙው ላይ ይመስለኛል።

የያዝሽው ርዕስም ለቁጥር አይመችም። ዝሆኔ ላይ የሚሠራው የዓለም ተመራማሪ ጥቂት ነው። የሚጽፍ ሰው ጥቂት ከሆነ የሚጠቅስም ጥቂት ነው፤ በካንሰር ወይም በልብ ሕመም ላይ የሚሠራ ሰው ከሚያገኘው ጋር አይነጻጸርም። ጥቂት ነው ማለት ግን ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ከወላይታ በተሰበሰበ ናሙና የተሠራው የበሽታው የዘር ጥናት በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ወጥቷል። ምሥራቅ ጎጃም ላይ እግር በማጠብ፣ ቅባት በመቀባት፣ ካልሲና ጫማ በማድረግ አጣዳፊው ሕመም እንደሚቀንስ ያሳየው ጥናት ደግሞ በ2018 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ ላይ ታትሟል። ሁለቱንም ከእኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። ያንቺም የሦስት ዓመት ዳታ የዚሁ ጉዳይ አካል ነው።

ሌላም ነገር ልብ በይ። ሳይቴሽን መጠቀስን እንጂ መመስገንን አይቆጥርም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ የላንሴት ጽሑፍ 12 ልጆች ላይ የተመሠረተ ነበር፣ በ2010 ተሰርዟል፤ ከሺህ ጊዜ በላይ የተጠቀሰ ሲሆን አብዛኞቹ የጠቀሱት ስህተት መሆኑን ለማሳየት ነው። በሳይንስ ታሪክ ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው ደግሞ በ1951 የወጣው የኦሊቨር ሎውሪ ጽሑፍ ነው፣ ከ300,000 ጊዜ በላይ። ምንድነው? የፕሮቲንን መጠን መለኪያ ዘዴ ነው። ላብራቶሪ ሁሉ ስለተጠቀመበት ነው እንጂ ሎውሪ ራሱም ታላቅ ሥራ ነው ብሎ አያምንም ነበር።

አሁን ግሩፑ። እዚህ ላይ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ አትግቢ። የሕክምና ጆርናሎች የሚመሩበት የአዘጋጆች ኮሚቴ ደንብ አለ፣ መነሻው በ1978 ቫንኩቨር ላይ የተደረገ ስብሰባ ነው። ደንቡ ጸሐፊ ለመባል አራት ነገር ይጠይቃል፤ በሐሳቡ ወይም በዳታው ላይ ቁም ነገር መሥራት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ መስማማት፣ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ መሆን። አራቱም ናቸው፣ አንዱ አይበቃም። አስቢው፤ አንድ ቀን ከስድስቱ የአንዱ ዳታ የተፈጠረ ሆኖ ቢገኝ፣ ያላየሽው ሕመምተኛና ያላነበብሽው ሠንጠረዥ ላይ አዘጋጁ አንቺን ነው ማብራሪያ የሚጠይቅሽ። በ2023 ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎች ሰርዟል። “ተሰርዟል” የሚለው ቃል ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ላይ ከስም ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ልጆችሽም ሲያድጉ ያነቡታል። መጠቃቀሱም ቢሆን የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ስድስት ሰዎች እርስ በርስ ብቻ ሲጠቃቀሱ በኮምፒውተር በቀላሉ ይታያል።

“ሁሉም እያደረገው ነው” የሚለው ነገር ነው የከበደሽ፣ አይደል? ነገ ካፌ አብረሽ ቡና የምትጠጪያቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ስብከት የማይመስል መልስ ያስፈልግሻል። እንዲህ ብለሽ ብትጽፊስ፦ “ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ያልሠራሁበት ላይ ስሜ ባይገባ ደስ ይለኛል። ግን የሦስት ዓመት የክትትል ዳታ አለኝ፣ ትንተናው ላይ የሚያግዘኝ ሰው እፈልጋለሁ። አብሮኝ ሊሠራ የፈለገ ካለ እንነጋገር።” ከስድስቱ አንዱ ስታቲስቲክስ የሚችል መሆኑ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ስሙ የሚገባው በሥራው ነው፣ አንቺም ብቻሽን አትሆኚም። መልሱን ሳትሰጪ ዝም ብለሽ ግሩፑ ውስጥ አትቆዪ፤ ዝምታሽ እንደ እሺታ ተቆጥሮ ስምሽ አንድ ቦታ ገብቶ ልታገኚው ትችያለሽ።

አማካሪሽ ግን ይከብዳሉ። ያስተማሩሽን ሰው “ስምዎ አይገባም” ብሎ ፊት ለፊት መናገር በእኛ አገር ቀላል አይደለም፤ ይሉኝታው ብቻ ሳይሆን የማዕረግ ዕድገትሽ ላይ ድምፅ ሊኖራቸውም ይችላል። መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ፤ የጥናቱ ሐሳብ ሲነሳ ነበሩበት? ፕሮፖዛሉን አርመዋል? ከሆነ መብትም አላቸው፤ አንቺም ድራፍቱን አይተው እንዲያርሙ ዕድል መስጠት አለብሽ። እንዲህ ብለሽ ላኪላቸው፦ “ፕሮፌሰር፣ ድራፍቱን አያይዣለሁ። ጆርናሉ እያንዳንዱ ጸሐፊ ምን እንደሠራ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ በተለይ የውይይት ክፍሉ ላይ የእርስዎን አስተያየት እፈልጋለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።” እውነትም ብዙ ጆርናሎች ይህን ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ነገሩ ከአንቺ ሳይሆን ከደንቡ እንደመጣ ያውቁታል። አርመው ከላኩ ስማቸው ይግባ፣ ጥናቱም ይሻሻላል። ካላረሙ ወይም ከመነሻውም እጃቸው ከሌለበት ምስጋና የሚለው ክፍል ላይ በክብር ጥቀሻቸው። ሊቀየሙ ይችላሉ። ይህን አልደብቅሽም። ቅያሜው ያስፈራሽ ከሆነ ማንን ይዘሽ ብታነጋግሪያቸው ይሻላል? እሳቸው የሚያከብሩት፣ አንቺንም የሚያውቅ ሰው ትምህርት ክፍሉ ውስጥ አለ?

በቅንፍ ያስቀመጥሽው ነገር ደግሞ ከምታስቢው በላይ ሳይጎዳሽ አልቀረም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጮቹ ሲስተሞች ግን የመጨረሻውን ስም ይዘው ነው የሚፈልጉት። አራቱ ሥራዎችሽ በአባትሽ፣ ሰባቱ በአያትሽ ስም ከወጡ፣ ስኮፐስ የሚባለው የምርምር ጽሑፎች መዝገብ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ሆነሽ ተቀምጠሽ ይሆናል። የአባትሽ ስም ሲጻፍ አንዱ ጋ “ቲ ኤስ”፣ ሌላው ጋ “ኤስ” ብቻ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ኦርኪድ ክፈቺ፤ ነፃ ነው፣ 16 አኃዝ ያለው ቋሚ መለያ ይሰጥሻል፣ ያሉሽን የስም አጻጻፎች ሁሉ አስገቢበት፣ 11ዱንም ሥራ ጨምሪ። ስኮፐስ ላይ የተበታተነው ይቀላቀልልኝ ብሎ መጠየቅም አይከፈልበትም። ጎግል ስኮላር ላይ ደግሞ በራሱ ያልመጣውን በእጅሽ ጨምሪ፣ ሁለቴ የገባውን አዋህጂ። ከዚያ አንድ አጻጻፍ ምረጪና እስከ ጡረታ በእሱ ብቻ ጻፊ። ማን ያውቃል፣ ቁጥሩም ይህን ስታስተካክዪ ይንቀሳቀስ ይሆናል።

የፌሎሺፑን ፎርም እንደገና ክፈቺው። ሳጥኑ ውስጥ 5 ብለሽ ጻፊ፣ አትፈሪ። ከታች ስለ ሥራሽ የምትገልጪበት ቦታ ይኖራል፤ እዚያ ላይ ዳታው ከየት እንደተሰበሰበ፣ ስንቱን አንቺ እንደመራሽው፣ የጤና መምሪያው ጥናትሽን ለምን እንደተጠቀመበት በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረ ዶራ የሚባል መግለጫ አለ፤ ተመራማሪን በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ በሚያሳየው ቁጥር) አትመዝኑ፣ የሥራውን ይዘት እዩ ይላል። ዌልካምን የመሰሉ ገንዘብ ሰጪዎች ፈርመውበታል። ያመለከትሽበት ድርጅት ከፈራሚዎቹ አንዱ መሆኑን ድረ ገጹ ላይ ተመልከቺ፣ ከሆነ ይህን ክፍል በደንብ ሥሪበት። ለማዕረግ ዕድገቱም ቢሆን ወደ ዞኑ ጤና መምሪያ ሂጂና ጥናትሽን መቼ፣ ለምን፣ ስንት ሰው ለማሰልጠን እንደተጠቀሙበት ማህተም ያለበት ደብዳቤ ጠይቂ። ያ “ማንም አልጠቀሰውም” ያልሽው ሥራ ሰው ጋ ደርሷል። ጎግል ስኮላር ለስልጠና መዋሉን ስለማይቆጥር ነው ዜሮ የሆነው። እኔ ኮሚቴው ውስጥ ብሆን ያንን ደብዳቤ ከብዙ ሳይቴሽን አስበልጬ ነው የማየው፤ ኮሚቴሽ ግን እንዲያየው ፋይሉ ውስጥ መግባት አለበት።

ያልተጻፈው ዳታ ያሳዝነኛል። የአገራችን ጥናት አብዛኛው “ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች” የሚል የአንድ ጊዜ ቅኝት ነው፤ ሕመምተኛን ሦስት ዓመት ተከትሎ ማየት ብርቅ ነው። እግራቸውን ያስለኩሽ፣ ፎርም ላይ የፈረሙልሽ ሰዎች ጊዜያቸውን የሰጡት ታሪካቸው አንድ ቦታ እንዲደርስ ነው። የማሳተሚያ ክፍያው አሳስቦሽ ከሆነ ቢ ኤም ሲና ፕሎስን የመሳሰሉ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች የሚመጣን ክፍያ የሚሰርዙበት አሠራር አላቸው፤ ስታስገቢ ጠይቂ። ለማንበብ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው፣ የሕክምና ጆርናሎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የሚያስነብበው ሂናሪ አለ፣ በዩኒቨርሲቲሽ በኩል ትገቢበታለሽ። በ72 ሰዓት እናትምልሻለን የሚል ኢሜይል ከመጣልሽ ግን አትመልሺለት።

ከጓደኛሽ ጋር ደግሞ አንድ ሻይ ጠጡ። በግልጽ ጠይቂው፤ እንዴት ገባህበት፣ ምን ምን ትሠራለህ? እነዚህ ትልልቅ ጥናቶች ተባባሪ ለመሆን ማመልከት ይፈቅዳሉ፣ የአንቺ ዓይነት ዳታ ያለው ሰውም ይፈለጋል። በእውነት ጊዜ ሰጥተሽ የምትሠሪ ከሆነ መግባቱ ነውር የለውም። ለቁጥሩ ብቻ ከሆነ ግን ከዎርድና ከማስተማር የተረፈችሽን ትንሽ ሰዓት ይበላብሻል።

ኤንጂኦውን በሚመለከት እንዲህ ልጠይቅሽ። ጓደኛሽ ፌስቡክ ላይ ሳይለጠፍ በፊት ይህ ሥራ ቢመጣልሽ ትወስጂው ነበር? መልስሽ አዎ ከሆነ፣ ደሞዙም ለቤትሽ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሂጂ፤ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም፣ ኑሮው የታወቀ ነው። ስትዋዋዪ ግን የራስሽን ዳታ ጽፈሽ ለማሳተም ጊዜ እንዲሰጡሽና ከዩኒቨርሲቲው ጋር በትርፍ ሰዓት ግንኙነት እንዲኖርሽ በጽሑፍ ጠይቂ። መልስሽ አይደለም ከሆነ ውሳኔውን ቢያንስ ዳታው ተጽፎ ለጆርናል እስኪላክ አቆዪው። ቀን ከፈለጉብሽም ምን ያህል እንደሚጠብቁ ጠይቂያቸው፤ የሚፈልጉሽ ከሆነ ትንሽ ይጠብቃሉ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሪ። በዚህ ሳምንት ለግሩፑ መልስ ስጪና ኦርኪዱን ክፈቺ። ቅዳሜ ዱቲ ከሌለሽ ያን ዳታ ክፈቺና የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ብቻ ሥሪ። አማካሪሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ ካስቸገሩ ቀጥሎ ምን እንደምትያቸው አብረን እናስብበታለን።